ባዮሎጂ ለመረጣችሁም ለተመደባችሁበትም፦ ከፍሬሽማን እስከ ሥራ

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ባዮሎጂ ከሚማሩት ተማሪዎች ብዙዎቹ መጀመሪያ የሞሉት ሕክምና ወይም ፋርማሲ ነበር። ነጥቡ አልደርስ ሲላቸው ባዮሎጂ ደረሳቸው። ይህ በራሱ ጉዳት የለውም። ጉዳቱ የሚመጣው ዓመታቱ “ተመድቤ ነው እንጂ” እየተባለ ሃንድአውት በመሸምደድ ሲያልቁ ነው። ትምህርቱ ከባክቴሪያ እስከ ዝሆን፣ ከዲኤንኤ እስከ ሐይቅ ይዘልቃል። ቀጣሪ የሚፈልገው ግን ጠባብና የተጨበጠ ችሎታ ነው፦ ከውሃ ናሙና ኮሊፎርም (ውሃ በሰገራ መበከሉን የሚጠቁም ባክቴሪያ) የሚቆጥር፣ ትንኝን በዝርያ የሚለይ፣ ተክልን በሳይንሳዊ ስሙ የሚጠራ፣ ወይም የተሰበሰበ ዳታ ተንትኖ ሪፖርት የሚጽፍ ሰው። ሁሉንም ኮርስ በደንብ እለፉ፤ እስከ ሁለተኛ ዓመት መጨረሻ ግን አንድ የእጅ ሙያ ምረጡና እሱን ጠንቅቃችሁ ያዙ።

ዩኒቨርሲቲና ዲፓርትመንት ስትሞሉ

የምታጠኑት ሕይወት በእግር ወይም በአንድ ቀን መኪና የሚደረስበትን ዩኒቨርሲቲ አስቀድሙ። ባሕር ዳር ከጣና ዳር ነው፤ ዓሣ፣ የውሃ ሥነ ምህዳርና የእምቦጭ ጥናት እዚያው ደጃፍ ላይ አለ። ጎንደር ለሰሜን ተራሮችና ለጭላዳ፣ አርባ ምንጭ ለነጭ ሣር ፓርክ፣ ለጫሞና ለአባያ፣ ጅማ ለጫካ ቡናና ለወባ ትንኝ፣ ሐሮማያ ለሰብልና ለአዝርዕት ቅርብ ናቸው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አራት ኪሎ ግቢ ደግሞ ብሔራዊ ሄርባሪየሙ (የደረቁ ተክሎች ናሙና የሚቀመጥበት ቦታ) እና የእንስሳት ሙዚየሙ አሉት፤ በዚያ ላይ የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት፣ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትና የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም በታክሲ የሚደረስባቸው ስለሆኑ ልምምድ ለመጠየቅ ይመቻል።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ የሚሳሳትበት ነገር አለ። ባዮሎጂ ተምሮ በሆስፒታል ላቦራቶሪ እቀጠራለሁ ማለት አይሠራም። የሕሙማንን ናሙና መርምሮ ውጤት ላይ የሚፈርመው በሜዲካል ላቦራቶሪ የተመረቀና የሙያ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ነው። ልባችሁ ሆስፒታል ከሆነ በፍሬሽማን ጊዜ ውጤታችሁን አጠንክራችሁ ወደ ሜዲካል ላቦራቶሪ፣ ነርሲንግ ወይም መሰል ዘርፍ ግቡ። የባዮሎጂ ምሩቅ በጤናው ዘርፍ የሚያገኘው ቦታ የምርምር ላቦራቶሪና የወባ አስተላላፊ ትንኞች ክትትል ላይ ነው፤ እሱም ቢሆን ቀላል የሚባል ቦታ አይደለም።

በፍሬሽማን ዓመት የዲፓርትመንት ምደባ የሚሠራው በውጤት ስለሆነ “ኮመን ኮርስ ነው” ብላችሁ የምትንቁት የእንግሊዝኛና የሒሳብ ግሬድ ከባዮሎጂው እኩል ይቆጠራል። ኬሚስትሪንም አትልቀቁት። ሁለተኛ ዓመት ላይ ባዮኬሚስትሪ ሲመጣ የሚወድቀው ባዮሎጂ ያልገባው ሳይሆን የካርቦን ውህዶችንና የፒኤች ስሌትን የረሳ ተማሪ ነው።

አጠናን

የባዮሎጂ ትምህርት ቃል ይበዛበታል፤ ስለዚህ ተማሪው ወደ ሽምደዳ ይሄዳል። ሽምደዳ ለአንድ ቀን ፈተና ያደርስ ይሆናል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ለሚመጣው የመውጫ ፈተና ግን አይደርስም። የሚሻለው እንዲህ ነው፦ ከክፍል በወጣችሁበት ቀን ማታ ሃንድአውቱን ዝጉና ባዶ ወረቀት ላይ የተማራችሁትን ሂደት በሥዕልና በቀስት አውጡት። ክሬብስ ዑደት (ሕዋስ ከምግብ ኃይል የሚያወጣበት ሂደት) ከሆነ እያንዳንዱን እርምጃ፣ የት ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚወጣና የት ኤንኤዲኤች እንደሚፈጠር ጻፉ። ከዚያ ሃንድአውቱን ከፍታችሁ የጎደለውን በቀይ እስክሪብቶ ሙሉ። በሦስተኛው ቀን፣ በሳምንቱና በወሩ ድገሙት። ወረቀቱ ላይ ቀይ እየቀነሰ ካልሄደ ያላጠናችሁት ክፍል የትኛው እንደሆነ በዓይናችሁ ታያላችሁ።

ጄኔቲክስና ባዮስታቲስቲክስ በንባብ አይጠኑም፤ በእጅ ይሠራሉ። ለምሳሌ ሁለተኛው ትውልድ ላይ ከ400 የአተር ተክል 290 ረጃጅም፣ 110 አጫጭር ወጡ እንበል። የሚጠበቀው የ3 ለ 1 ምጣኔ ነው፦ 300 እና 100። የተገኘው ከሚጠበቀው ጋር መስማማቱን የምናየው ካይ ስኩዌር በሚባለው ስሌት ነው። ልዩነቱን በየራሱ አባዙና ለሚጠበቀው ቁጥር አካፍሉ፦ 100 ሲካፈል ለ300 በግምት 0.33፣ 100 ሲካፈል ለ100 ደግሞ 1። ድምሩ 1.33 ነው። ሁለት ምድብ ስላለ የነጻነት ደረጃው (የምድቦቹ ብዛት ሲቀነስ አንድ) 1 ነው፤ በ0.05 ላይ ያለው መቁረጫ ቁጥር 3.84። የእኛ ከዚያ ስለሚያንስ ውጤቱ ከ3 ለ 1 ጋር አይጋጭም። ተማሪዎች ነጥብ የሚያጡት በሁለት ነገር ነው፦ ትክክለኛውን ቆጠራ ትተው በመቶኛ ያሰላሉ፤ ወይም የነጻነት ደረጃውን ከተክሎቹ ብዛት ያወጡታል። መቶኛ ከተጠቀማችሁ ናሙናው 40 ይሁን 4,000 መልሱ አንድ ዓይነት ይሆናል፤ ስሌቱ ትርጉሙን ያጣል።

ላቦራቶሪ፦ ሙያው የሚገኝበት ቦታ

በብዙ ግቢዎች አንድ ማይክሮስኮፕ ለስድስትና ለስምንት ተማሪ ነው የሚደርሰው። ሁለቱ ይሠራሉ፣ የቀሩት ይጽፋሉ። የምትጽፉት ሆናችሁ እንዳትቀሩ። የላብ ቴክኒሽያኑን ወይም ቴክኒሽያኗን በአክብሮት አነጋግሩና ላቡ ነጻ በሚሆንበት ሰዓት መጥታችሁ እንድትለማመዱ፣ በምትኩ ዕቃ በማጠብና ሚዲያ (ባክቴሪያ የሚያድግበትን ምግብ) በማዘጋጀት እንድታግዙ ጠይቁ። ዕቃ ማጠብና ሚዲያ ማዘጋጀት ራሱ ሙያ ነው፤ የፋብሪካ ላቦራቶሪ የመጀመሪያ ወራት ሥራ በአብዛኛው ይኸው ነው።

በማይክሮስኮፕ ሁልጊዜ ከዝቅተኛው ሌንስ ጀምሩ። በ4 ወይም በ10 አጉሊው ፈልጋችሁ ካገኛችሁ በኋላ ወደ 40 እለፉ፤ ከዚያ ወዲያ ትልቁን ማስተካከያ አትንኩ፣ ስላይዱን ይሰብራል። የ100 ሌንስ ያለ ኢመርሽን ዘይት አይሠራም። ዘይቱ 40ው ሌንስ ላይ ከነካ ምስሉ ለሚቀጥለው ተማሪ ሁሉ ይደበዝዛል፤ ስትጨርሱ በሌንስ ወረቀት ጥረጉ፣ በጋዋናችሁ ጫፍ አይደለም።

ባክቴሪያን በቀለም በሁለት ወገን የሚለየውን የግራም ቀለም አቀባብ ሌሊት ቀስቅሰው ቢጠይቋችሁ እስክትመልሱ ድረስ ልመዱት። ከ18 እስከ 24 ሰዓት ዕድሜ ያለው ባክቴሪያ ተጠቀሙ። ስላይዱ ላይ አንድ ጠብታ ውሃ አድርጉ፣ ባክቴሪያውን በጣም ስስ አድርጋችሁ ቀቡት፣ በአየር ይድረቅ፣ ከዚያ በእሳት ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ አሳልፉት። ክሪስታል ቫዮሌት 1 ደቂቃ፣ በውሃ እጠቡ፤ አዮዲን 1 ደቂቃ፣ እጠቡ፤ 95 በመቶ አልኮል ከ10 እስከ 20 ሰከንድ፣ ወዲያው እጠቡ፤ ሳፍራኒን ከ30 ሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ፣ እጠቡና አድርቁ። ሐምራዊ የሆነው ግራም ፖዘቲቭ፣ ሮዝ የሆነው ግራም ኔጋቲቭ ነው። የሚበላሸው በአልኮሉ ላይ ነው፦ ከረዘመ ፖዘቲቩም ቀለሙን ጥሎ ሮዝ ይሆናል። ቅቡ ወፍራም ከሆነ ደግሞ አልኮሉ ውስጡ ስለማይደርስ ኔጋቲቩ ሐምራዊ ሆኖ ይቀራል። ያረጀ ባክቴሪያ የሕዋስ ግድግዳው ስለሚሳሳ ፖዘቲቭ ሆኖ ሳለ ኔጋቲቭ ይመስላል። ስለዚህ ማንነቱ የታወቀ ስታፊሎኮከስ (ፖዘቲቭ) እና ኢ. ኮላይ (ኔጋቲቭ) ከማይታወቀው ጎን በዚያው ስላይድ ላይ ቀቡ፤ እነሱ ትክክለኛ ቀለማቸውን ካላሳዩ ያልታወቀው ውጤት አይታመንም።

አውቶክሌቭን (ዕቃና ሚዲያን በእንፋሎት ግፊት ከጀርም የሚያጸዳውን ማሽን) በተመለከተ ለደጋ ላቦራቶሪ በጣም አስፈላጊ የሆነ፣ በውጭ የተጻፉ ብዙ ማንዋሎች የማያነሱት ነገር አለ። ማንዋሉ “15 ፒኤስአይ፣ 121 ዲግሪ፣ 15 ደቂቃ” ይላል (ፒኤስአይ የግፊት መለኪያ ነው)። ይህ የባሕር ወለል ቁጥር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ያነሰ ነው፤ ጌጁ 15 ሲያሳይ የውስጡ ሙቀት ወደ 117 ዲግሪ ብቻ ይደርሳል። 121 ለመድረስ ጌጁ ወደ 19 ፒኤስአይ መድረስ አለበት፤ ይህ ግን ለማሽኑ ከተፈቀደው ከፍተኛ ግፊት ማለፍ የለበትም። ማሽኑ ካልፈቀደ ጊዜውን አርዝሙ፦ በ117 ዲግሪ 15 ደቂቃው ወደ 40 ደቂቃ ይጠጋል። አየሩ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ ቫልቩን መዝጋትም ያው ችግር ያመጣል። “ሚዲያው ሁልጊዜ ይበከላል” የሚባልበት ላቦራቶሪ ውስጥ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው። ሚዲያውን ፔትሪ ዲሽ ላይ የምታፈሱት ከ45 እስከ 50 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ነው፤ ትኩሱን ካፈሰሳችሁ ክዳኑ ላይ የተጠራቀመው ጤዛ ይንጠባጠብና ኮሎኒዎቹን (ተሰባስበው ያደጉትን የባክቴሪያ ነጠብጣቦች) አንድ ላይ ያደባልቃቸዋል።

የላብ ደብተራችሁ በእስክሪብቶ የተጻፈ፣ ቀን ያለው፣ ገጹ የማይቀደድ ይሁን። የተሳሳተውን በአንድ መስመር ሰርዙ እንጂ አታጥፉት። ለሥራ ቃለ መጠይቅ ይዛችሁ የምትሄዱት ማስረጃ ይህ ነው።

መስክ

ተክል መሰብሰብ የሚችል ሰው በአገራችን ጥቂት ነው። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት በስምንት ቅጽ ተሰንደው ያለቁት በ2009 እ.ኤ.አ. ሲሆን በሁለቱ አገሮች ወደ 6,000 የሚጠጋ የከፍተኛ ተክል ዝርያ ይገኛል፤ ከአሥሩ አንዱ ያህል ደግሞ ሌላ አገር የለም። ናሙና ስትወስዱ አበባ ወይም ፍሬ ያለው ቅርንጫፍ ቁረጡ፤ ቅጠል ብቻ ከሆነ ዝርያው ብዙ ጊዜ አይለይም። ከአንድ ተክል ሦስት ቅጂ ያዙና ለሁሉም አንድ ቁጥር ስጡ። ከመጭመቃችሁ በፊት ሲደርቅ የሚጠፋውን ሁሉ ጻፉ፦ የአበባው ቀለም፣ ሽታው፣ ሲቆረጥ የሚወጣው ወተት፣ የተክሉ ቁመት። ቦታውን፣ ከፍታውን፣ ቀኑን፣ የአካባቢው ሰው የሚጠራበትን ስምና ለምን እንደሚጠቀምበት ጨምሩ። በጋዜጣ መካከል አድርጋችሁ በማሰሪያ ጥብቅ አድርጉት፤ አንዱን ቅጠል ገልብጣችሁ ጀርባው እንዲታይ አድርጉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጋዜጣውን በየቀኑ ለውጡ፤ በክረምት ይህን ካልሠራችሁ በሻጋታ ያልቃል። መረጃው የሌለው ደረቅ ተክል፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ለሄርባሪየም ጥቅም የለውም።

የመመረቂያ ጥናት

የመመረቂያ ጥናት የመረጣችሁትን ሙያ በስማችሁ የምታስመዘግቡበት ስለሆነ ርዕሱን ጠበብ አድርጉ። “የውሃ ጥራት በጎንደር ከተማ” በአንድ ሴሚስተርና በኪስ ገንዘብ አያልቅም። “በአንድ ቀበሌ ካሉ ጉድጓዶች መካከል ከመጸዳጃ ቤት ከ15 ሜትር በታች የራቁትና ከዚያ በላይ የራቁት በኮሊፎርም ብዛት ይለያያሉ ወይ?” ያልቃል። አሠራሩም የታወቀ ነው፦ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ በ0.45 ማይክሮን ማጣሪያ ታሳልፋላችሁ፣ ማጣሪያውን ሚዲያ ላይ ታስቀምጣላችሁ፣ በ44 ዲግሪ አካባቢ ለ24 ሰዓት ታቆዩታላችሁ፣ ትቆጥራላችሁ። የሚጠጣ ውሃ ከሆነ በ100 ሚሊ ሊትር ምንም መገኘት የለበትም። ውሃው ክሎሪን ካለው ናሙና መያዣው ውስጥ አስቀድሞ ሶዲየም ታዮሰልፌት መጨመር አለበት፤ አለበለዚያ ክሎሪኑ በመንገድ ላይ እየገደለ ይሄድና ቆሻሻ ውሃ ንጹሕ መስሎ ይወጣል። ናሙናው በበረዶ ሳጥን ተይዞ በዚያው ቀን ይሠራ።

ፈቃድ ቀድማችሁ አውጡ። ፓርክ ውስጥ የሚሠራ ጥናት የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን ፈቃድ፣ ከሰው የሚወሰድ ናሙና ወይም ቃለ መጠይቅ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ማረጋገጫ ይጠይቃል። የጄኔቲክ ሀብት ወደ ውጭ መላክ ደግሞ ከብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ውጭ ክልክል ነው። ደብዳቤው ስንት ሳምንት እንደሚፈጅ ስለማይታወቅ ዝናብ ወይም አበባ የሚጠብቅ ጥናት በደብዳቤ ምክንያት አንድ ወቅት ሊያልፈው ይችላል። ለትንተና አር (R) የተባለውን ነጻ ሶፍትዌር ተማሩ፤ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል፣ በየትኛውም የምርምር ተቋም ዋጋ አለው።

የመውጫ ፈተና

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተናውን 50 በመቶና ከዚያ በላይ አምጥቶ ያላለፈ ተማሪ ዲግሪውን አይወስድም። ፈተናው የሚወጣባቸው ኮርሶች ዝርዝር ታትሞ ስለሚገኝ ከዲፓርትመንታችሁ ውሰዱና ሦስተኛ ዓመት ላይ ስትደርሱ ኮርሶቹን በሦስት ክፈሏቸው፦ የምችለው፣ የዘነጋሁት፣ ያልገባኝ። ጊዜ የሚሰጠው ለዘነጋችሁት ነው፤ በአጭር ጊዜ ብዙ ነጥብ የሚመለሰው ከዚያ ነው። በኮምፒውተር የሚሰጥ ስለሆነ ቢያንስ ሁለት ሞዴል ፈተና በኮምፒውተር ሥሩ።

ሥራው

ማስተማር እስካሁን ትልቁ በር ነው። ለሁለተኛ ደረጃ መምህርነት ከዲግሪው በላይ ፒጂዲቲ የሚባለው የማስተማር ዲፕሎማ ያስፈልጋል፤ የግል ትምህርት ቤቶች አንዳንዴ ያለሱ ይቀጥራሉ፣ ደመወዙና ዋስትናው ግን ያንኑ ያህል ይለያል።

በግሉ ዘርፍ ሰፊው የፋብሪካ ጥራት ቁጥጥር ነው፦ ቢራ፣ የታሸገ ውሃ፣ ወተት፣ ዘይት፣ ሥጋ። ማስታወቂያው “ኬሚስትሪ፣ ፉድ ሳይንስ፣ ማይክሮባዮሎጂ ወይም ተመሳሳይ” ብሎ ስለሚወጣ “ተመሳሳይ” የሚለውን በችሎታ መሙላት የእናንተ ድርሻ ነው። ሲቪያችሁ ላይ “የላብራቶሪ ዕውቀት አለኝ” ከማለት “ሜምብሬን ፊልትሬሽን፣ የፕሌት ቆጠራ፣ የሚዲያ ዝግጅትና የአውቶክሌቭ አሠራር፤ በመመረቂያ ጥናቴ 40 የውሃ ናሙና መርምሬያለሁ” የሚል መስመር ያስጠራል፤ ቁጥሩ ግን እውነተኛ ይሁን፣ ይጠየቃልና።

በግብርናው በኩል የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ማዕከላት፣ እንደ ሆለታ፣ መልካሳና ጅማ ያሉት፣ የሙዝና የሸንኮራ አገዳ ችግኝ የሚያባዙ የቲሹ ካልቸር ላቦራቶሪዎችና የአበባ እርሻዎች አሉ። የአበባ እርሻዎች ጽጌረዳ ላይ የሚወጣውን ማይት (ጥቃቅን ሸረሪት መሰል ተባይ) በኬሚካል ብቻ ከመርጨት ይልቅ አዳኝ ማይት ይለቃሉ፤ በየሳምንቱ ቅጠል እየገለበጠ ተባዩንና አዳኙን የሚቆጥር፣ መቼ እንደሚለቀቅ የሚወስን ሰው ይፈልጋሉ። ኢንቶሞሎጂ (የነፍሳት ጥናት) የመረጠ ሰው ሁለት መንገድ አለው፤ ሌላው ወባ ነው። አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የተባለችው የእስያ ትንኝ በአገራችን መጀመሪያ የተገኘችው በ2016 እ.ኤ.አ. በቀብሪ ደሃር ሲሆን ከነባሮቹ በተለየ በከተማ የውሃ በርሜልና ሮቶ ውስጥ ትራባለች። ስለዚህ እጭ ሰብስቦ አሳድጎ በማይክሮስኮፕ የሚለይ ባለሙያ አሁን ከበፊቱ ይበልጥ ይፈለጋል።

የጥበቃ ሥራ በፓርኮች፣ በብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩትና በፕሮጀክት መልክ አለ። ቅጥሩ ትንሽ ነው፤ ወፎችን በድምፅና በእይታ በሚገባ የሚያውቅ ምሩቅ ግን በአስጎብኚነትም ይኖራል።

ማስተርስና ውጭ አገር

በአገር ውስጥ ለማስተርስ ብሔራዊው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና አለ። ዘርፍ ስትመርጡ “አፕላይድ ማይክሮባዮሎጂ”፣ “ባዮቴክኖሎጂ”፣ “የዓሣና የውሃ ሳይንስ” የመሰለ ጠባብ ስም ያለው ከ“ጠቅላላ ባዮሎጂ” ይሻላል። ለውጭ ዕድል የአውሮፓው ኢራስመስ ሙንዱስና የጀርመኑ ዳድ (DAAD) የተባሉት የነጻ ትምህርት ዕድሎች በየዓመቱ ይወጣሉ፤ ብዙዎቹ የኢራስመስ ፕሮግራሞች ማመልከቻ የሚቀበሉት ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ስለሆነ ፓስፖርት፣ ትራንስክሪፕትና የእንግሊዝኛ ፈተና ክረምት ላይ ማለቅ አለባቸው።

ዲግሪውን ይዛችሁ አሜሪካ የምትሄዱ ከሆነ ትራንስክሪፕታችሁን ኮርስ በኮርስ አስገምግሙ፤ ጠቅላላ ግምገማ ብቻ ያሠራ ሰው ትምህርት ቤት ሲገባ እንደገና ይከፍላል። በሆስፒታል ላብ ለመሥራት ብዙ ጊዜ የኤኤስሲፒ (ASCP፣ የአሜሪካ የክሊኒካል ፓቶሎጂ ማኅበር) ሰርተፊኬት፣ እንደ ካሊፎርኒያና ኒው ዮርክ ባሉ ግዛቶች ደግሞ የግዛቱ ፈቃድ ይጠየቃል። ብዙ ወገኖቻችን የሚሄዱበት የተፋጠነ የነርሲንግ ፕሮግራም ዲግሪ ላለው ሰው ከ12 እስከ 18 ወር የሚፈጅ ሲሆን አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂና ማይክሮባዮሎጂን ከነላባቸው ይጠይቃል። ብዙ ትምህርት ቤቶች እነዚህ ኮርሶች ከአምስት ወይም ከአሥር ዓመት በላይ ከቆዩ አይቀበሉም። ስለዚህ የእያንዳንዱን ኮርስ ዝርዝር ይዘት ከሬጅስትራርና ከዲፓርትመንት አስማምታችሁ፣ ማኅተም አስመትታችሁ ይዛችሁ ውጡ፤ ከውጭ ሆኖ ማስላክ ወራት ይፈጃል።

ለፕሮፌሰር የምትጽፉት ኢሜይል ከ150 ቃል አይብለጥ። በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የትኛውን ሥራቸውን እንዳነበባችሁና ምን ጥያቄ እንደጫረባችሁ፣ በሁለተኛው ምን ዓይነት ዘዴ በእጃችሁ እንደሠራችሁ፣ በሦስተኛው ምን እንደምትጠይቁ ጻፉ። ሲቪና ትራንስክሪፕት በአንድ ፒዲኤፍ፣ በስማችሁ ተሰይሞ ይያያዝ። ለሃያ ሰው አንድ ዓይነት ኢሜይል አትላኩ፤ በሁለት ሳምንት መልስ ካልመጣ አንድ ጊዜ ብቻ አስታውሱና ወደ ሚቀጥለው እለፉ።